በአሮጌው ሐዲድ ላይ

ባለፈው እሑድ ለማስተማር የዘመትን ተማሪዎች ከመተሐራ ተነሥተን አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ተከትለን በእግር ሄድን። ይህ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ነው። የሁለቱ ብረቶች ርቀት አንድ ሜትር ብቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ሰፋ ያለ ሐዲድ አለው፤ አሮጌውን እሾህ ወርሶታል። እሾሁስ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ጎንበስ ብንል፣ ብንዞር ልብሳችን ከመቀደድ አልዳነም።

በመንገዳችን ቀድሞ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ የነበሩ አባት አገኘን፤ አብረውን ሄዱ። ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን ቁጥቋጦውን በዱላቸው ገለጥ አድርገው በኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ላይ ያለውን ቁጥር አነበቡልን። ከጅቡቲ ጀምሮ የሚቆጠር ነው።

«ልጆቼ፣ ሐዲዱ የት ላይ እንደተበላሸ ካልተናገርኩ ማን ይደርስልኛል? በግድ ተማርኩት» አሉን።

የሚቀጥለው ድንጋይ ቀለሙ ስለለቀቀ እኛ የተማርነው ማንበብ አቃተን። እሳቸው ባለፈው ላይ አንድ ጨምረው ነገሩን፤ ሳቅን።

ስንለያይ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደመወዜን ስቀበል የኖርኩት በጣቴ እየፈረምኩ ነው» አሉ።

ሰኞ ማታ ከክፍላችን በር ላይ ቆመው አገኘናቸው።