ከሰረገላህ ምን ይሰማል?

በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ
የንባብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 8፥26–40

 

ከወልድያ ተነስተህ በጎብዬና በሮቢት አድርገህ ቆቦ እስክትገባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቆቦ ወዲያ ዋጃና አላማጣ አሉ። በግራህ ተራራው፣ በቀኝህ ማሽላው፣ ከማሽላው ማዶ ዞብል። አገሩ ቆላ ስለሆነ ይሞቃል፤ መስኮቱ ይከፈታል። መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ መኪናው ውስጥ ያለው ድምፅ ወደ ውጭ ይወጣል።

ሾፌር ወንድሞቼ ታውቁታላችሁ፤ ሞተሩ ገና ሲነሳ እጅ የሚሄደው ወደ ቴፑ ነው። አንዱ ፍላሽ ይሰካል፤ አንዱ ስልኩን በገመድ ያገናኛል፤ አንዱ በብሉቱዝ። የቆየ መኪና የያዘ ደግሞ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካውን፣ ድምፁን በኤፍ ኤም ሞገድ ወደ ቴፑ የሚልከውን ትንሽ ዕቃ ይጠቀማል። ጣት የማታህል ነገር መኪናውን ሙሉ ትሞላዋለች። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚች ትንሽ ዕቃ ነው። “ፓስተር፣ ይሄ ደግሞ ምን ስብከት አለው?” ትለኝ ይሆናል። እስቲ አብረን እንይ።

ጃንደረባው ምን ያሰማ ነበር?

መጽሐፍ ቅዱስ የኢትዮጵያ ሰው ይለዋል፤ የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም። ለመስገድ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ ላይ፣ ሰረገላው ውስጥ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ቁጥር 30ን ልብ በሉ። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ ሰውዬው ሲያነብ ሰማው ይላል። በዚያ ዘመን ሰው መጽሐፍን የሚያነበው በአብዛኛው ድምፁን እያሰማ ነበርና ንባቡ ከሰረገላው ውጭ ይሰማ ነበር።

አሁን ደግሞ ቁጥር 38ን ተመልከቱ። ጃንደረባው ሰረገላው እንዲቆም አዘዘ። የሚታዘዝ ካለ የሚነዳ ሰው ነበረ ማለት ነው። ያ ነጂ ስሙ አልተጻፈም። ግን የኢሳይያስን ቃል ሰምቷል፤ ፊልጶስ ከዚያ መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ሲሰብክም እዚያው ነበረ። ጌታው ያነበበውን እሱም ሰማ። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ፊልጶስ ዛሬ ከሮቢት አጠገብ ሮጦ መኪናህን ቢደርስባት ምን ይሰማል? አጠገብህ የተቀመጠውስ ሰው ካንተ ምን ሰምቶ ይወርዳል?

ቴፑ የሌለውን አይፈጥርም

ስልክህን በገመድ ከቴፑ ጋር ስታገናኘው ሁለት የድምፅ መጨመሪያ አለህ። አንዱ ስልኩ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ቴፑ ላይ። ስልኩን ዝቅ አድርገህ ቴፑን እስከ መጨረሻው ብትከፍተው ምን ትሰማለህ? መዝሙሩ በሩቅ፣ ከላዩ ግን “ሽሽሽ” የሚል ጩኸት። ቴፑ የተላከለትን ብቻ ነው የሚያጎላው። ደካማ ነገር ከተላከለት ጩኸቱንም አብሮ ያጎላዋል። ባለሙያ ጠይቅ፣ “ስልኩን መጀመሪያ በቂ አድርገው፣ ከዚያ ቴፑን በልክ ክፈት” ይልሃል።

ወገኖቼ፣ አገልግሎትም እንደዚህ ነው። በጓዳህ የሌለ ጸሎት በማይክ አይመጣም። በቤትህ ያልዘመርከውን ዝማሬ መድረክ አይፈጥርልህም። ጌታ በማቴዎስ 6፥6 ወደ እልፍኝህ ግባ፣ በርህን ዝጋ ያለው ለዚህ ነው። ምንጩ ዝቅ ብሎ መድረኩ ከፍ ሲል ጉባኤው የሚሰማው ጩኸት ነው። በሉቃስ 6፥45 እንደተማርነው አፍ የሚናገረው ልብ ውስጥ ከሞላው ነው። መጀመሪያ ምንጩን ሙላ።

ሁለት ጣቢያ በአንድ ሞገድ

ያቺን ሲጋራ መለኮሻ ላይ የምትሰካዋን ዕቃ የምትጠቀሙ፣ ከ87.5 እስከ 108 ባለው የኤፍ ኤም መስመር ላይ ባዶ ቦታ ትፈልጋላችሁ። ባዶ ከሆነ መዝሙሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። ነገር ግን አንድ ከተማ ላይ ባዶ የነበረው ሞገድ ሌላ ከተማ ስትደርሱ ባዶ ላይሆን ይችላል። ኃይለኛ ጣቢያ ሲገጥማችሁ በመዝሙሩ መሃል ዜና ይገባል፤ በዜናው መሃል ማስታወቂያ። ሁለቱም አይሰሙም።

ልብም እንዲሁ ነው። “ትናንት ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር” ማለት ለዛሬ አይበቃም። መንገድ ስትሄድ ቦታው ይቀየራል፤ ሥራ ይቀየራል፤ ጓደኛ ይቀየራል፤ ገንዘብ ይመጣል ወይ ይሄዳል። ለሁለት ጌቶች መገዛት እንደማይቻል ጌታ በማቴዎስ 6፥24 ነግሮናል። ስለዚህ በየደረስክበት ልብህን መርምር፤ የተደባለቀ ነገር ካለ አስተካክል።

መቼም ይህን ስል እየነዳህ ስልክህን አንስተህ ነካካ ማለቴ አይደለም! እየነዱ ስልክ መያዝ በሕግም የተከለከለ ነው። በራያ ሜዳ ላይ ግመሉም አህያውም ሕፃኑም መንገድ ያቋርጣል። መዝሙር ለመቀየር ብለህ ዓይንህን ከመንገዱ ብታነሳና የሰው ነፍስ ብታጠፋ፣ የተከፈተው መዝሙር ነበር ብለህ ለእናቱ ምን ትላታለህ? ረዳቱ ይቀይር፤ ካልሆነም ቁም።

ፍላሽህ ላይ ምን ጫንክ?

ብዙዎቻችሁ “ፓስተር፣ ዘፈን መስማት ኃጢአት ነው ወይ?” ትላላችሁ። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን በገላትያ 5፥21 “ዘፋኝነት” ይላል። በዚያ ቦታ ያለው የግሪክ ቃል “ኮሞስ” ነው፤ ሰዎች ሰክረው በየመንገዱ እየጮኹ የሚያደርጉት ልቅ ፈንጠዝያ ማለት ነው። ያው ቃል በሮሜ 13፥13 እና በ1ኛ ጴጥሮስ 4፥3 አለ፤ በሦስቱም ቦታ ከስካር አይለይም። ይህን ያነሳሁት ማንም “እንግዲያውስ ተፈቀደልኝ” እንዲል አይደለም። “ዘፈን አልሰማም” እያለ በልቡ ግን ምቀኝነትንና ጥላቻን የሚያዜም ሰው እንዳይኩራራም ነው፤ ምቀኝነትና ጥል እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉና። ለምትሰማው ሁሉ በፊልጵስዩስ 4፥8 ያለውን ሚዛን ያዝ፤ እውነት ነው? ንጹሕ ነው? ይህን ስሰማ ወዴት እየሄድኩ ነው? ወደ ምኞት? ወደ በቀል? ሰውን በዘሩ ወደ መጥላት? ወደዚያ የሚወስድህን ነገር ዜማው ቢጣፍጥም ፍላሽህ ላይ አታስቀምጠው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛው ያማል። መዝሙሩን ከየት አመጣኸው? ዘማሪው ጾሞ ጸልዮ፣ ስቱዲዮ ከፍሎ፣ ሙዚቀኛ ከፍሎ ያወጣውን፣ እኛ ሱቅ ሄደን በጥቂት ብር መቶ መዝሙር እናስጭናለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራውን ባለቤት መብት ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ እያባዙ መሸጥ ወንጀል ነው። አዋጁ ባይኖርስ? “አትስረቅ” የሚለው ትእዛዝ ከሲና ተራራ ጀምሮ አለ። “ለጌታ ክብር ነው” ብለን የሠራተኛን ደመወዝ አንብላ።

አባቶቻችን መዝሙር በምን ዋጋ እንደደረሰን ያውቃሉ። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ። አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር፤ መዝሙር በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። እንደ ተስፋዬ ጋቢሶ ያሉ ዘማሪዎች ስለ እምነታቸው ለዓመታት ታስረዋል። ያኔ ካሴት ማባዛት ሊያሳስር ይችል ነበር፤ ዛሬ ገበያው ክፍት ነው፤ ገዝተን መስማት እንችላለን። ያ ሁሉ ዋጋ የተከፈለበትን መዝሙር በአሥር ብር ሰርቀን እንዴት እንስማው?

አብሮህ የተሳፈረው ሰው

በሚኒባስህ ውስጥ ሙስሊም አባት አለ፤ ኦርቶዶክስ እናት አለች፤ ከገበያ የሚመለስ ነጋዴ አለ፤ ሕፃን የታቀፈች አለች። ሁሉም ከፍሎ ነው የተሳፈረው። ከስፒከሩ ስር የተቀመጠው ሽማግሌ “ልጄ፣ እባክህ ቀንሰው” ሲልህ፣ “ወንጌል ጠላ” ብለህ አትቁጠርበት። ጆሮው ነው ያመመው! መዝሙሩ ስለ ክርስቶስ ፍቅር እየተናገረ አንተ ፍቅር ብትነሳው፣ ሰውዬው ሲወርድ የሚያስታውሰው የቱን ይመስልሃል?

በተለይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አገራችን ጦርነት አልፎበታል። በቆቦና በዙሪያው ብዙ ቤት መርዶ ገብቷል። ከኋላህ ጥቁር ለብሳ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው እናት ከለቅሶ እየተመለሰች ይሆናል። ምሳሌ 25፥20 ላዘነ ልብ የሚዘመረውን ዝማሬ በብርድ ቀን ልብስ ከማውለቅ ጋር ያመሳስለዋል። አያችሁ? ጥሩ መዝሙርም ጊዜውን ካላወቀ ያቆስላል። መስተዋትህን ቀና አድርገህ ሰዎቹን እይ። ዝቅ አድርገው። ካስፈለገም አጥፋውና “እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት” በል። ያ ቃል ከመዝሙሩ በላይ ይሰበካል።

መዝሙርና ታሪፍ

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። መዝሙር ከፍተህ፣ መስተዋቱ ላይ ጥቅስ ለጥፈህ፣ በገበያ ቀን ታሪፍ ትጨምራለህ? ለሦስት በተሠራው ወንበር አምስት ትጭናለህ? መልስ ሲጠየቅ ረዳቱ “ዝርዝር የለም” ብሎ እንዲያስቀር ዝም ትላለህ? እግዚአብሔር በአሞጽ 5፥23 እና 24 ለሕዝቡ፣ የዝማሬያችሁን ጩኸት ከእኔ አርቁ፤ እኔ የምፈልገው ፍትሕና ጽድቅ እንደማይነጥፍ ወንዝ ሲፈስ ነው ይላቸዋል።

የራያ ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ክረምት ላይ ከተራራው ጎርፍ ይወርዳል፤ ያገሣል፤ ድንጋይ ያንከባልላል፤ መኪና ያስቆማል። በማግስቱ ትሄዳለህ፤ አሸዋ ብቻ ነው። ከብትም አይጠጣበትም። እግዚአብሔር “የማይነጥፍ” ሲል ይህን ጎርፍ ማለቱ አይደለም። እሑድ የሚያገሣ፣ ሰኞ አሸዋ የሆነ ዝማሬ ማንንም አያጠጣም። በትክክለኛ ታሪፍ ያደረስካት መበለት፣ የረሳችውን ስልኳን የመለስክላት ተማሪ፣ እነሱ የመዝሙርህ ማረጋገጫ ናቸው።

ቴፑ የሚጠፋበት ሰዓት

ወደ ሰረገላው እንመለስ። ጃንደረባው እያነበበ ነበር፤ ነገር ግን አልገባውም። ድምፅ ብቻውን አልበቃውም። ፊልጶስ ወጥቶ አብሮት መቀመጥ ነበረበት። ንባቡ ቆሞ ጥያቄ ተጠየቀ፤ መልስ ተመለሰ፤ ክርስቶስ ተሰበከ። ከዚያ ነው ውኃ ያገኙት፤ ከዚያ ነው ጃንደረባው ደስ እያለው መንገዱን የቀጠለው።

ስለዚህ ወገኔ፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ፍላሽህን ወይም ስልክህን ከፍተህ አንድ በአንድ እየው፤ በጌታ ፊት የሚያሳፍርህን አጥፋ፤ በነጻ የወሰድከውን መዝሙር ገዝተህ ተካ። ሁለተኛ፣ በድምፅ የተቀረጸውን መጽሐፍ ቅዱስ ጫን። የፊልጵስዩስ መልእክት አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ቆቦ ሳትደርስ ደጋግመህ ትሰማዋለህ። እምነት ከመስማት ነው፤ ሮሜ 10፥17። ሦስተኛ፣ በየቀኑ የተወሰነ መንገድ ቴፑን አጥፋ። ከልጅህ ጋር ከሆንክ ልጅህን አናግር። ከባለቤትህ ጋር ከሆንክ እሷን ስማ። ብቻህን ከሆንክ ጸልይ።

ጌታን ገና ያልተቀበልክ ወዳጄ፣ አንተም ምናልባት ከአንድ ሰው መኪና ውስጥ መዝሙር ሰምተህ ልብህ ተነክቶ ይሆናል። ጃንደረባው እንዳደረገው ጠይቅ። አማኝ ጎረቤትህን ጠይቅ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ና። በኢሳይያስ 53 እንደ በግ ለመታረድ የተነዳው ኢየሱስ ስለ አንተም ነው የሞተው፤ ተነሥቷልም።

እንጸልይ፦ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ በመንገዳችን ሁሉ አብረኸን ስለምትጓዝ እናመሰግንሃለን። ከአፋችንና ከቤታችን፣ ከመኪናችንም የሚወጣው ድምፅ አንተን ያክብር። የተደባለቀውን ልባችንን አጥራው። ያዘነውን እንድናይ ዓይን፣ የተበደለውን እንድንክስ ድፍረት ስጠን። በመንገድ ላይ ያሉትን ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች በሰላም አድርሳቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሌላ ሰው ስጡት።