ሰዓቱ አይጠፋም፣ ፈቃዱ ግን ጊዜው ያልፋል

(በማኅበራችን የአባላትና የደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የትምህርት ብድር ኮሚቴያችን «ትምህርት አቋርጦ ስለ መመለስ ተናገሪ» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በደንብ የማውቀው አንድ መመለስ ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ አውሮፕላን አብራሪነት ሥልጠና መመለስ። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቁጥር ይበዛበታልና ታገሡኝ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ብዙዎቻችሁ «አየር መንገድ ልትገቢ ነው ወይ?» ትሉኛላችሁ። አይደለም። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ሁላችንም ኮርተናል፤ የእሷ መንገድ ግን ሌላ ነው። እኔ የምማረው ለግል አብራሪነት ፈቃድ ነው። በዚህ ፈቃድ ትንሽ አውሮፕላን ማብረር፣ ቤተሰብና ጓደኛ ማሳፈር ይቻላል። ለማብረር ደመወዝ መቀበል አይፈቀድም። የነዳጅና የኪራይ ወጪን ከተሳፋሪዎች ጋር መካፈል ይቻላል፣ አብራሪዋ ግን ከራሷ ድርሻ ያነሰ መክፈል አትችልም። እናቴ ይህን በስልክ ሳስረዳት «ታዲያ እንጀራ ካልሆነሽ ምን ሊሆንሽ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። መልሴ «ስለምወደው ነው» የሚል ብቻ ነው። አንዲት የሁለት ልጆች እናት ይህን መልስ በአደባባይ ስትሰጥ ሰው እንዴት እንደሚያያት ታውቃላችሁ።

ሥልጠናውን የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ2017 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ አየር ማረፊያ ነው። በ2018 መጨረሻ አባቴ አዲስ አበባ ታመመ፤ የሕክምናው ወጪ በእኔና በወንድሜ ላይ ወደቀ። ከዚያ የመጀመሪያ ልጄ መጣች፣ ከዚያም ሁለተኛው። ያን ጊዜ በበረራ መዝገቤ ላይ 27.4 ሰዓት ተጽፎ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 3.1 ሰዓት ያለ አስተማሪ ብቻዬን የበረርኩት ነው።

አምና ለመመለስ ሳስብ ያገኘሁት ምክር ሁሉ ሁለት ዓይነት ነበር። ገሚሱ «ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተሽ እንዴት ትተዪዋለሽ?» አለኝ፤ ገሚሱ «ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ ከዜሮ መጀመር ነው» አለኝ። ሁለቱም የሂሳብ ስህተት አለባቸው። የወጣ ገንዘብ ወጥቷል። ብመለስም ባልመለስም አይመለስምና ለመመለስ ምክንያት ሊሆን አይችልም። መጠየቅ ያለበት ከዛሬ ጀምሮ እስከ ፈተናው ድረስ ስንት ይፈጃል የሚለው ነው። ያንን ለማወቅ ደግሞ ካለፈው ምን እንደጸናና ምን ጊዜው እንዳለፈ አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልጋል።

እኔም እንደ ዓመት መዝጊያ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ የተመዘገበ የበረራ ሰዓት ጊዜ አያልፍበትም፤ 27.4ቱ ሰዓት ከነአስተማሪው ፊርማ ዛሬም የእኔ ነው። የተማሪ አብራሪ ካርዴም የወጣው ከኤፕሪል 2016 በኋላ ስለሆነ የማብቂያ ቀን የለውም። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለውን ልዩ ቁጥጥር ያለበት የአየር ክልል በሚመለከት በኢንተርኔት የወሰድኩት ኮርስም አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነው። እነዚህ ጸንተዋል። የጽሑፍ ፈተና ውጤቴ ግን ለ24 ወር ብቻ የሚያገለግል ስለነበር ካለፈበት ዓመታት ሆነውታል። ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው የሚሰጠው የሦስተኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫም 60 ወር ነው የሚቆየው፤ እሱም አልፏል። ብቻዬን እንድበር አስተማሪዬ የፈረመልኝ ፈቃድ ደግሞ ለ90 ቀን ብቻ ነበር። የሠራሁት ሥራ አልጠፋም፤ ያለቀው ሰዎች በእኔ ላይ የነበራቸው ማረጋገጫ ነው።

ስለ ጤናው አንድ ነገር ልጨምር፣ ለታላላቆቻችን ይጠቅማል። ከጁላይ 14 ቀን 2006 በኋላ አንድ ጊዜ የአቪዬሽን የጤና ማረጋገጫ ይዞ የነበረ ሰው፣ የመጨረሻው ማመልከቻው ካልተከለከለበት፣ ቤዚክሜድ በሚባለው ቀለል ያለ መንገድ በመደበኛ ሐኪም ምርመራ መመለስ ይችላል። አዲስ ጀማሪ ይህ ዕድል የለውም። ሌላው፣ የሕይወት ኢንሹራንስ ያላችሁ ውሉን አንብቡት። አንዳንዱ ውል በግል አውሮፕላን የሚደርስን አደጋ አይሸፍንም። እኔ ለበረራ አንድ ሳንቲም ከማውጣቴ በፊት ያየሁት እሱን ነው፤ ባለቤቴም ከዚያ በኋላ ነው የተረጋጋው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የምማርበት ቦታ ሴስና 172 ነዳጁን ጨምሮ በሰዓት 185 ዶላር ይከራያል፤ አስተማሪው በሰዓት 70 ዶላር ነው። የአንድ ቀን ትምህርት አንድ ሰዓት ተኩል በረራና ሁለት ሰዓት አስተማሪ ቢሆን 417 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ለአሥር ትምህርት 4,175። የጽሑፍ ፈተናው 175፣ የጤና ምርመራው 150። ድምሩ 4,500 ዶላር። የእቁባችን ዕጣ 5,000 ነው። ዕጣው ሲወጣልኝ ይህን ሥሌት ለባለቤቴ በወረቀት ሰጠሁትና «ይህ ለመመለሻ ብቻ ነው፤ አሥሩ ትምህርት ሲያልቅ የት እንደደረስኩ አይተን ለቀሪው እንወስናለን» አልኩት። «እስክጨርስ» ብለው ኖሮ ሁለታችንም እንፈራ ነበር።

በአየር ላይ ያለው ሁኔታ እንደጠበቅሁት አልነበረም። እጄ የማይረሳ መስሎኝ የነበረውን ረስቷል፣ የረሳ የመሰለኝን አስታውሷል። አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ መዞር፣ ከፍታ መጠበቅ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ተመለሰ። ስንነሳ ሞተሩ ወደ ግራ ሲጎትት ቀኝ እግሬ ሳላስበው ፔዳሉን ረገጠ። ማረፍ ግን ሌላ ነገር ነው። መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አፍንጫውን ቀስ አድርጎ የማንሳት ሥራ በዓይን ግምት እንጂ በቁጥር አይሠራም። ያ ግምት ከእኔ ሄዶ ነበር። ሦስት ትምህርት ሙሉ እየተነሳን እያረፍን ዋልን፤ አውሮፕላኑም እንደ ፍየል ዘለለ።

ከማረፉም የባሰው ሬዲዮው ነበር። ፍሬድሪክ መቆጣጠሪያ ማማ አለው። ተቆጣጣሪው በአንድ ትንፋሽ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የመንደርደሪያውን ቁጥርና ከፊቴ ያለውን አውሮፕላን ይነግረኛል፤ እኔም ወዲያው መድገም አለብኝ። በሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ የምናገር ሰው ነኝ፣ ይህ ግን ሌላ እንግሊዝኛ ነው። አስተማሪዬ መጀመሪያ ስትጠሪ «ስቱደንት ፓይለት» ብለሽ ጨምሪ አለኝ። አሠራሩ ራሱ የሚመክረው ነገር ነው፤ ተቆጣጣሪው ሲሰማው ቀስ ብሎ ያወራል፣ ቦታም ይሰጣል። በ28 ዓመቴ ስለው ምንም አልመሰለኝም ነበር። በ36 ዓመቴ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ፣ የሌሎችን ሠራተኞች ሥራ የምፈርም ሰው ሆኜ፣ ያቺ ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች። ሁለተኛው ቀን ላይ አልኳት። ተቆጣጣሪውም ቀስ አለ። ዛሬም እላታለሁ።

አንዳንድ ነገር ደግሞ እኔ በሌለሁበት ተለውጧል። ያኔ በወረቀት ካርታ ላይ በማስመሪያ እንሠራ ነበር፤ አሁን ሁሉም ታብሌት ይዟል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ወዲህ ደግሞ ቁጥጥር ባለበት በአብዛኛው የአየር ክልል የሚበር አውሮፕላን ያለበትን ቦታ ራሱ የሚያስተላልፍ መሣሪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል።

ከ10.2 ሰዓት በኋላ አስተማሪዬ እንደገና ፈርሞልኝ ብቻዬን በረርኩ። ስለዚህ የሰባቱ ዓመት ዕረፍት ዋጋው አሥር ሰዓት ያህል ነው ማለት ነው። ከ27.4 ሰዓት ላይ አሥሩን ብንቀንስ 17 ሰዓት ግድም ይተርፋል። በሰዓት በ255 ዶላር ብታሰሉት ከ4,300 ዶላር በላይ ነው፤ ከዜሮ የምትጀምር ሴት የምትከፍለው፣ እኔ ግን የማልከፍለው ገንዘብ።

ኮሚቴው የጠራኝ ለዚህ ይመስለኛል። የብድር ማመልከቻ ቅጻችን «ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀን» ይላል እንጂ ለምትመለስ ሴት ቦታ የለውም። በመካከላችን ኮሌጅ ያቋረጡ፣ የነርስነት ትምህርት ያቋረጡ አሉ። የአንዷ ክሬዲት በኮሌጁ መዝገብ ላይ ይኖራል፤ የመግቢያ ፈተናዋ ውጤት ግን ጊዜው አልፎበት ይሆናል። በቅጹ ላይ «ምን ጸንቷል? ምን ጊዜው አልፏል?» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይጨመሩ ብዬ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ብድሩም ለመመለሻው ምዕራፍ ብቻ፣ በትንሽ መጠን ይጀመር። ደጋፊዎቻችን «ያቋረጠች ሴት እንደገና ብታቋርጥስ?» ብለው እንደሚሠጉ አውቃለሁ፤ ትንሽና ቀን የተቆረጠለት ብድር ለዚያ ሥጋት የተሻለው መልስ ነው። በአብራሪ ሴቶች ዘንድም ለተማሪዎች የሥልጠና ድጋፍ የሚሰጥ ማኅበር አለ። ናይንቲ ናይንስ ይባላል፤ በ1929 ኒው ዮርክ ውስጥ ተመሠረተ፣ ስሙንም ያገኘው ከ99 መሥራች አባላቱ ነው።

«መቼ ነው የምታሳፍሪን?» ለምትሉኝ፦ ተማሪ ተሳፋሪ እንዳትይዝ ደንቡ ይከለክላል። ዛሬ መዝገቤ ላይ 41.2 ሰዓት አለ። ዝቅተኛው 40 ስለሆነ ያለቀ ይመስላል፣ ግን አላለቀም። ብቻዬን መብረር ካለብኝ 10 ሰዓት 5.7ቱን ነው የጨረስኩት። በአንዱ በረራ 150 ኖቲካል ማይል፣ ወደ 278 ኪሎ ሜትር፣ ብቻዬን ሄጄ ሦስት ቦታ ማረፍ አለብኝ። የሦስት ሰዓት የሌሊት በረራም አልነካሁም። ብዙ ተማሪዎች ከ60 ሰዓት በላይ ይፈጅባቸዋልና እኔም በጀቱን በ60 ነው የያዝኩት። የጽሑፍ ፈተናውን በድጋሚ ያለፍኩት ባለፈው ወር ነው፤ የ24 ወሩ ቆጠራም ጀምሯል። የሚቀጥለው ትምህርቴ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ነፋሱ ከፈቀደ።