ሩርን በብልሃት ስለ መለጋት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





 የንግግሬ አርእስት በገና ጨዋታ ሩርን አጥብቆና አቅንቶ ስለ መለጋት ነው።

እንደሚታወቀው፣ ገና ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩርን እየመቱ ከተጋጣሚ ወገን ዳርቻ የሚያሳልፉበት የአገራችን ጥንታዊ ጨዋታ ነው። የጌታ ልደት በሚከበርበት በታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28 ቀን፣ ይጫወቱታል። እረኞች የልደቱን ዜና ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ የሚል ትውፊትም አለው። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፉ ነበር፤ ጌታው ቢሸነፍ ቅር መሰኘት አልነበረበትም።

ይህ ልማድ በጌታና በሎሌ መካከል ያለውን አጥር ሲያፈርስ፣ እኛ ግን «ገና የጉልበተኛ ጨዋታ ነው» በማለት ሌላ አጥር አጥረናል። ስለዚህ ቀጭኑና ትንሹ ልጅ፣ እኅቶቻችንም ጭምር፣ ከሜዳው ዳር ቆመው ይመለከታሉ። ጉልበተኛውም ዱላውን ከራሱ በላይ አንሥቶ ሲሰነዝር ሩሩን ስቶ የጓደኛውን ቅልጥም ያገኛል። እኔ ግን መልካም ምት ከጉልበት ይልቅ በትምህርት የሚገኝ ነው እላለሁ።

ለዚህ ማስረጃ ከሩቅ አገር ላምጣ። ብረት በተገጠመለት ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱት ሆኪ መልኩ ገናን ይመስላል። በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ በ1875 እ.ኤ.አ. በአዳራሽ ውስጥ ግጥሚያ ተደርጎበታል። የሚመታው ነገር ከጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ሲሆን ክብደቱ ከ170 ግራም አይበልጥም። ተጫዋቹ አጥብቆ ሲመታ ዱላው አስቀድሞ ከጎማው ጥቂት ወደ ኋላ በረዶውን ይነካል፤ በዚያን ጊዜ ዱላው እንደ ቀስት ይለመጥና ሲቃና ጎማውን ያስፈነጥረዋል። ክንድ ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ የሰውነት ክብደት ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር መሻገር አለበት።

ከዚህ የምንወስደውና የምንተወው አለ። የወይራ ዱላ እምብዛም ስለማይለመጥ መሬቱን አስቀድሞ መምታት ኃይል ማባከን ነው። የክብደቱን መሻገር ግን ልንማረው ይገባል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ዱላው ቆልማማነቱን ከተፈጥሮው ያገኘ ይሁን። ተጠርቦ የቆለመመ እንጨት ጭረቱ ስለሚቆረጥ ከአንገቱ ቶሎ ይሰበራል።

ሁለተኛ፣ ሩሩን በጎን በኩል አድርገን፣ እግራችንን በትከሻችን ስፋት ከፍተን፣ ጉልበታችንን ጥቂት አጥፈን እንቁም። ሩሩ በፊተኛው እግር አቅጣጫ ይሁን፤ ወደ ኋላ ከቀረ ምቱ መሬት ይጭራል።

ሦስተኛ፣ ዱላው ወደ ኋላ ሲሄድ ከወገብ አይለፍ። ከዚያም አስቀድሞ ወገብ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ በመጨረሻ ክንድና አንጓ ይዙሩ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢዞሩ ኃይላቸው ይበተናል፤ በተራ ቢዞሩ ግን አንዱ ለሌላው ፍጥነቱን ያቀብላል።

አራተኛ፣ ዓይናችን ዱላው ሩሩን እስኪነካ ድረስ ከሩሩ አይነሣ። ሩሩ የሚሄደው የዱላው ፊት ወደሚያይበት ነውና፣ ከመታን በኋላም ዱላው ዝቅ እንዳለ ወደ ዒላማው ይከተል።

በእኛ በከፋ ዝናቡ ብዙ ወራት ስለሚቆይ የቦንጋ ሣር ርጥብ ነው፤ እግር ያንሸራትታል፣ ሩሩንም ይይዛል። ስለዚህ በርጥብ ሜዳ ላይ እርምጃን ማሳጠር፣ ሩሩንም በረጅሙ ከመለጋት ይልቅ ለቅርብ ጓደኛ ማቀበል ብልሃት ነው።

ለልምምድ ሁለት ድንጋዮችን አንድ ሜትር አራርቀን እናስቀምጥ፤ ከ10 ሜትር ላይ ሆነንም የጨርቅ ኳስ 20 ጊዜ እንለጋ። ስንቱ በመካከል እንዳለፈ በደብተር እንጻፍ። የቆመውን አጥርተን መምታት ስንችል የሚንከባለለውን እንሞክር። የጨርቅ ኳስ ቅልጥም ስለማይጎዳ ታናናሾቻችንም ሊማሩበት ይችላሉ።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ የሴቶች የበረዶ ሆኪ በ1998 እ.ኤ.አ. በጃፓን በናጋኖ ኦሊምፒክ ገብቷል። ዱላ መያዝ ለሴት ልጅ አይገባም የሚለውን አሳብ ዓለም ትቶታልና፣ ሴቶች ልጆቻችሁ ወደ ሜዳ እንዲወጡ ፍቀዱላቸው። ክቡራን መምህራን ሆይ፤ ከሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለገና ይሰጥልን፤ ዱላን ከወገብ በላይ ማንሣትም በደንብ ይከልከል። ጓደኞቼ ሆይ፤ በሚመጣው የልደት በዓል ከሜዳው ዳር የቆመውን ልጅ ጠርተን ዱላውን እናስጨብጠው፤ አቋቋሙንም እናሳየው።