ጫቱ ይቅር እንጂ ጡቱ አይቅር
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)

 

የዛሬው ርእሳችን የምታጠባ እናትና ጫት ነው። ስለ ጫት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ወንዶቹን ነው፤ የቤቱን ገንዘብ መጨረሳቸውን፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ መፍታታቸውን። ነገር ግን ከአወዳይ ተጭኖ፣ በሐረርና በባቢሌ አልፎ ጅግጅጋ የሚገባውን ጃድ ተቀብለን፣ እንዳይጠወልግ ሸፍነን፣ እስከ ማታ የምንሸጠው በአብዛኛው እኛ ሴቶች ነን። የብዙዎቻችን የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ከዚያ ይወጣል። ስለዚህ ማንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም። የሻጭዋ ቀን ረጅም ነው፤ ድካሙን ለመርሳት፣ እንቅልፉን ለመግፋት ጥቂት ቅጠል ወደ አፏ ታደርጋለች። ያ ቅጠል ግን የት ድረስ ይሄዳል?

እስከ ልጇ ይሄዳል። በትኩስ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ነገር ይለወጣል፤ የጫት መኪኖች እንደዚያ የሚበርሩት ለዚህ ነው። ሁለቱም ወደ ደም ይገባሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በየመን ጫት በሚቅሙ አጥቢ እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት ካቲንን በጡት ወተት ውስጥ አግኝቶታል። በአንድ ሕፃን ሽንት ውስጥም ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መንገዱን ግን አሳይቶናል። እናት የቃመችውን ልጅ ይጠጣዋል። የሕፃን ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ገና ስላልጠነከሩ እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ አያስወጡም።

ሌላም ጉዳት አለ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። የምታጠባ ሴት ከሌላው ጊዜ የበለጠ መብላትና መጠጣት ሲገባት፣ የቃመችው ምሳዋንም እራቷንም ትዘላለች፤ ሌሊቱንም ሳትተኛ ታድራለች። በጫት እርሻ ላይ የሚረጨውም መድኃኒት አለ። በአገራችን ጫት ላይ ዲዲቲ ተገኝቷል፤ ዲዲቲ በሰውነት ስብ ውስጥ ተከማችቶ በወተት ይወጣል። የማትቅመው ሻጭም ቅጠሉን ስትመርጥ ውላ ልጇን ከማንሣቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠብ። መሬት ላይ የወደቀውን ቅጠልም ልጅ ወደ አፉ እንዳይከት እናንሣ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር። ይህን የሰማች እናት «እንግዲያውስ ጡቱን ልተወው» እንዳትል። ጡት የተወ ሕፃን የዱቄት ወተት ይጠጣል፤ ዱቄቱ ውኃ ይፈልጋል። በሐርሺንና በቀብሪ በያህ በኩል ውኃው ከቢርካ እንደሚቀዳ ታውቃላችሁ። ተቅማጥ ከጫቱ ይልቅ ፈጥኖ ልጅ ይገድላል። የጤና ባለሙያዎች ምክር እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከሌላ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ነው። ሃይማኖታችንም ስለ ሁለት ዓመት ማጥባት ይናገራል። የሚቀረው ጫቱ ነው።

በአንድ ቀን መተው ያቃታት ብትኖር ከነጭራሹ አትሸሽገን። ከመቃሟ በፊት ታጥባ፤ ምግብ በልታ ትጀምር፤ ጥቂት ይሁን። ከቃመች በኋላ የካቲን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የማታው ጫት ሌሊትም አብሯት ነው። እንቅልፍ ለማምጣት ኪኒን አትጨምርበት፤ በዚያ ሌሊት ሕፃኑን ከጎኗ አታስተኛው፣ ለብቻው ይተኛ። እንቅልፍ ያጣ፣ የሚነጫነጭ፣ ጡት ይዞ የማይቆይ ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ይመዘን። ሁሉ በጫት የመጣ ነው ማለት አይደለም፤ ግን መቃሟን ለነርሷ ትንገራት። ለመጥባት የማይነቃ ወይም ትንፋሹ የፈጠነ ልጅ ለነገ አይባልም።

መቼም «ተዪ» ማለት ቀላል ነው። የወለደችው እህታችን በአርባ ቀኗ ወደ መደቡ የምትመለሰው ወዳ አይደለም፤ ቤቱ ስለሚጠብቃት ነው። ስለዚህ ለአባላት ሁለት ነገር አቀርባለሁ። በየሐግባዳችን ውስጥ የወለደች እህት ተራዋ ይቅደም፤ ገንዘቡን ቶሎ ካገኘች ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት እቤቷ ትቆያለች። ሁለተኛ፣ በየገበያው ጎረቤት የሆኑ አባላት ተራ ገብተው ማታ ማታ መደቧን ይያዙላት፤ እሷ በጊዜ ትግባ፣ ትብላ፣ ትተኛ። ለደጋፊዎቻችንም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በገበያው አጠገብ ውኃና ጥላ ያለበት ማጥቢያ ክፍል አብረን እናስብ።

እንቅልፍ ያገኘች እናት ቅጠሉን ለመተው ይቀልላታል። ሐግባዱን የሚመለከተውን ሐሳብ ዛሬ እንድንወስን እጠይቃለሁ።