ሥራ ፈት የምትመስለው ሦስተኛዋ ሽቦ



በዕለተ ሰንበት ከቅዳሴ መልስ፣ ቁርሳችሁን እንኳ በወጉ ሳታጣጥሙ እንድትሰበሰቡ የለመንናችሁ፣ ባለፈው ሳምንት በብሎካችን የደረሰውን ነገር ሁላችሁም ሰምታችሁ ሳለ፣ ብዙዎቻችን «እግዚአብሔር አተረፋት» ብለን ወደየቤታችን እንደ ገባን ስለ ተመለከትን ነው። ምስጋናው ይገባል፤ ልብስ አጣቢዋ ልጅ በባዶ እግሯ እርጥብ ወለል ላይ ቆማ አንሶላ ልታወጣ እጇን የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ስታሳርፍ ኤሌክትሪክ ይዟት፣ ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ ከቆጣሪው ባያጠፋ ኖሮ፣ ዛሬ የምንሰበሰበው ለምክር ሳይሆን ለለቅሶ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ማዳኑን እያደነቁ የአደጋውን ምክንያት ሳይመረምሩ መቀመጥ ፈጣሪን መፈታተን ነው።

ከአደጋው በኋላ የኤሌክትሪክ ባለሙያው የማሽኑን ስፒና ፈትቶ ያሳየን ነገር በየቤታችን ያለ ነገር ነው። ከዱባይ ከሚመጡት ማሽኖች ብዙዎቹ ሦስት ወፋፍራም አራት ማዕዘን ጥርስ ያለው ስፒና አላቸው፤ የእኛ ግድግዳ ደግሞ ክብ ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ ያ ስፒና ይቆረጥና ሁለት ክብ ጥርስ ብቻ ያለው ከሱቅ ተገዝቶ ይተካል። ከገመዱ ውስጥ ሦስት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ሁለቱ ቦታ ያገኛሉ፤ ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያላት ሦስተኛዋ ግን ማረፊያ ታጣና ወደ ኋላ ታጥፋ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልላ ትቀራለች። ማሽኑ ይሠራል፤ ልብሱ ይጠራል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት የሠራተኛውን ዋጋ ይከፍላል።

ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ማሽኑን ለማሠራት ይበቃሉና ሦስተኛዋ ብትጎድል የሚያስታውቅ ነገር የለም፤ እርሷ ግን ዘመኗን ሁሉ ያለ ሥራ ቆይታ፣ የውሃ ማሞቂያው ሬዚስታንስ በተሰነጠቀ ወይም የሞተሩ ሽቦ ልባሱ በተላጠ ዕለት፣ ወደ ብረቱ ገላ የወጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብላ ወደ መሬት የምታወርድ፣ በዚያውም ብሬከሩን የምትጥል ናት። እርሷ በሌለችበት ቤት ያንን ኀይል ወደ መሬት የሚያወርደው ማሽኑን የነካው ሰው ሥጋ ነው። ያም ሰው ማን እንደ ሆነ ኅሊናችን ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ማሽኑን የመረጠው ወይም ስፒናውን ያስቆረጠው ሳይሆን፣ ጠዋት በባዶ እግሯ ልብስ የምታጥብልን የሰው ልጅ ናት።

ከወደ ኋላ የተቀመጡት አባታችን ራሳቸውን ሲነቀንቁ አያለሁ፤ «ብሬከር አለን» ማለታቸው ነው። እንግዲያው የያዝኩትን ወረቀት አስቀምጬ በዚሁ ነገር እንነጋገር። በየቤታችን ያለው ተራ ብሬከር የተሠራው ሽቦው ግሎ ቤት እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት አይደለም። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከዚያ በላይ ካልጠየቁት አይወድቅም፤ የሰው እጅ ግን ከአንድ አምፔር መቶኛ እጅ፣ ማለትም 10 ሚሊ አምፔር ያህል ሲያልፍበት ጅማቱ ተኮማትሮ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ሆኖ ጥቂት ከቆየ ደግሞ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ሰው ሞቶ ብሬከሩ እንደ ቆመ ሊገኝ ይችላል። ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ነው፤ 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት፣ ፊቱ ላይ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው፣ የሄደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ካልተመለሰ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር። ቁልፉን በየወሩ ተጫኑት፤ ካልቆረጠ አስለውጡት።

«ቀለል አድርጎ ይነዝራል እንጂ ምንም አላደረገኝም» የምትሉም አላችሁ። ይህን የሚሉት ሰዎች መድኃኒታቸው ነጠላ ጫማ ነው፤ ለሠራተኛይቱ ጫማ ገዝተው ማሽኑን እንደ አመለኛ በቅሎ በዘዴ እንድትጠጋው ያስተምሯታል! ያ መንዘር ማሽኑ የመሬት ሽቦ እንደሌለው በገዛ ገላው የሚመሰክረው ምስክርነት ነው። ከዚህም የባሰ ሽቦዋን ከውሃ ቧንቧ ጋር ያሰሩ አሉ፤ ቧንቧው ብረት ከሆነ ኤሌክትሪኩ ለጎረቤት መታጠቢያ ቤት ይደርሳል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ሽቦዋ የታሰረችው ከምንም ጋር አይደለም። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው ዲቫይደርም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ውሃ የሚያሞቅ ማሽን እስከ 2000 ዋት ስለሚወስድ፣ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ማለት ነው፣ ቀጭኑ ገመድ ይግላል፤ ይቀልጣል።

ስለዚህ «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ምርጫው ከመርካቶ ሳይሆን ከግድግዳችሁ ይጀምራል እላለሁ። የመሬት መስመር ያለው ሶኬት ሳይኖር ንዋይ ማፍሰስ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ውሃችሁን እዩ፤ በፊት ለፊት የሚከፈቱት ማሽኖች ብዙዎቹ የውሃው መያዣ ከ3 እስከ 5 ሜትር ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ፤ ሮቶው ከማሽኑ ጎን የቆመ እንደ ሆነ ያለ ፓምፕ አይሞላም። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት በባልዲ የሚሞላው፣ ማጠቢያውና መጭመቂያው ጎን ለጎን የሆነው ማሽን፣ ምንም እንኳ ጉልበት ቢጠይቅ፣ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ደግሞ በ120 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩት። ስሙ የገነነ ማሽን ሁሉ ደግሞ መለዋወጫ ያለው አይደለም፤ ጠጋኙን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ አያያዙ ብዙ አልናገርም። አዲስ ማሽን ሲገባ ከበሮውን ለጉዞ ያሰሩት ብሎኖች ከጀርባው ይፈቱ፤ ካልተፈቱ ሲጨምቅ ቤቱን ያናውጣል። ከታች በኩል ያለችው ማጣሪያ በየወሩ ትከፈት፤ ሳንቲምና ክር አታጡባትም። ለእጅ እጥበት የተሠራ ዱቄት ሳሙና አይጨመርበት፤ አረፋው ይሞላና ያፈስሳል። እንደ አቃቂ ካሉ ጉድጓዶች የሚወጣ ውሃ ደግሞ በማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ስለሚጋግርበት፣ ሬዚስታንሱ ከልክ በላይ እየጋለ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ቅርፊቱን የሚያሟሟውን መድኃኒት አልፎ አልፎ ተጠቀሙ። ውሃ ሲጠፋ የተከፈተ ቧንቧ ትታችሁ አትውጡ፤ ከምድር ቤት ያሉት ጎረቤቶቻችን ጣሪያቸው የሚያውቀው ነው።

የማኅበራችን ጸሐፊ መዝገብ ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ባለሙያው በየቤቱ እየዞረ ስፒናውን፣ ሶኬቱንና የመሬት መስመሩን እንዲፈትሽ ማኅበሩ ስለ ተስማማ፣ ሳታስመዘግቡ አትሂዱ። እርሱ እስኪደርስላችሁ ድረስ ልብስ ከማስገባታችሁና ከማውጣታችሁ በፊት ስፒናውን ንቀሉ፤ ይህንንም ከሁሉ አስቀድማችሁ ማሽኑን ለሚያሠራው ሰው ንገሩ።