ያረጀች የቤት መኪና በሲቀላና በጨንቻ መካከል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለአባላትና ለሙያ ጓደኞች የተደረገ ንግግር)



የአርባ ምንጭ ከተማ በአንድ ስም ሁለት ሆና የምትኖር ናት። ሴጫ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች ሆነው በአንድ ዳገት ይገናኛሉ። ሲቀላ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የጋሞን ተራሮች ያያል። ሲቀላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዶርዜ በኩል የምትገኘው ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። መንገደኛው በአጭር ጉዞ ከሙዝ እርሻ ተነሥቶ የእንሰት ጓሮ ውስጥ ይገባል። ያረጀች መኪና በሜዳ ላይ የሸሸገችውን ሕመም የምትናገረው በዚህ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ስለሆነ፣ የዚህ ንግግር ጉዳይም ከዚያው ይነሣል።

መኪናይቱ ለማንም እንግዳ አይደለችም። በአገራችን «ዲ ኤክስ» በሚል ስም የምትታወቀው የቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አራተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1979፣ አምስተኛው በ1983 ከፋብሪካ ወጥቷል። ዕድሜዋ አርባን ያለፈ መኪና ዛሬም መንገድ ላይ መገኘቷ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። እንግዲህ በአንድ ቤተሰብ ደጅ የቆመችው መኪና ምትክ በቀላሉ የሚገኝላት አይደለችም። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱባት፣ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት የሚደርስባት፣ ለሠርግም ለለቅሶም የምትወጣው እርሷው ናት። መካኒኩ ያለ በቂ ምርመራ አንድ ሞተር በፈታ ቁጥር የሚጎዳው የዚህ ቤተሰብ ጓዳ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ክስ «ትሞቃለች» የሚለው ነው። ባለቤቱ ዶርዜ ሳይደርስ ውኃው ፈልቶ እንደ ወጣ ይናገራል፤ መካኒኩም ብዙ ጊዜ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» ብሎ ቴስታታውን ለማንሣት ቁልፍ ያነሣል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ውኃው በስንት ዲግሪ ይፈላል የሚለው ነው። ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በሲቀላ በ96፣ በጨንቻ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን የተሠራው ይህን ጉድለት ለማካካስ ነው። 0.9 ኪሎ የሚይዝ ደኅና ክዳን በጨንቻ ከፍታ እንኳ የመፍላቱን ነጥብ ወደ 113 ዲግሪ ያደርሰዋል። ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ነው። ክዳኑ ሞላው ደክሞ ወይም ላስቲኩ ደርቆ ግፊት መያዝ ካቃተው፣ በቴርሞስታቱ መከፈትና በውኃው መፍላት መካከል የሚቀረው ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ሞተሩ ምንም ሳይታመም ውኃው ይፈላል። ያው ክዳን በሲቀላ ጎዳና ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ መካኒኩ በጋራዡ ዙሪያ ነድቶ «ምንም የለባትም» ሲል፣ ባለቤቱ ደግሞ ትፈላለች ሲል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ክዳን በግፊት መለኪያ ይፈተናል። መለኪያው ከሌለ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ላስቲኩን በጣት፣ ሞላውን በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት፣ ቀጥሎም ደኅንነቱ የታወቀ ክዳን ተውሶ ያንኑ ዳገት እንደገና መውጣት ነው። ይህ ከቴስታታ ማንሣት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

በቆላ አገር የተለመደ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። ይህ ድርጊት ሊነቀፍ ይገባዋል። ቴርሞስታት የሌላት መኪና በጨንቻ ብርድ ማለዳ ሞተሯ ሳይሞቅ ብዙ መንገድ ትሄዳለች፤ ቤንዚን ትበላለች፣ ሲሊንደሯም ቶሎ ያልቃል። ቴርሞስታት ከተጠረጠረ በውኃ ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አንጠልጥሎ እያሞቁ በስንት ዲግሪ እንደሚከፈት ማየት ይበቃል። (ድስቱ የጋራዡ ይሁን እንጂ የእመቤቲቱ አይሁን።)

ጓርኒሲዮን በእውነት ሲቃጠል ምልክቱን አይደብቅም። ሞተሩ በቀዝቃዛው ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ውኃው ገና ሳይሞቅ የላይኛው ጎማ ቱቦ ይወጠራል፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ከአራቱ ካንዴላዎች አንዱ ታጥቦ የወጣ ያህል ይነጣል። ከእነዚህ አንዱም ካልታየ ቴስታታው ባለበት ይቆይ።

ሁለተኛው ጉዳይ «ጉልበት የላትም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የፋብሪካው መጽሐፍ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። መጽሐፉ የሚሰጠው የኮምፕሬሽን ልክ በባሕር ወለል የሚገኘውን ነው። መጽሐፉ 12 ኪሎ ካለ፣ ያው ደኅና ሞተር በሲቀላ የሚያሳየው 10 ከግማሽ ገደማ ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ጤነኛ ሞተር «ፋሻው አልቋል» ብሎ ያስፈታል። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ መታየት ያለበት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ዝቅ ካለ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው፤ ልኩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ፣ ባለበት ከቀረ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ነው።

አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ከአዲስ አበባ ተገዝተው የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። በ2,300 ሜትር ከፍታ ለሣሣ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር በሲቀላ ወፍራም አየር ውስጥ ቤንዚን ያንሰዋል፤ እሳቱም በዲስትሪቡተሩ ቀድሞ እንዲሰጥ ተደርጎ ከሆነ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ያንኳኳል፣ ይግላልም። በተቃራኒው በሲቀላ የተስተካከለችው መኪና ጨንቻ ስትደርስ ጥቁር ጭስ ብታጨስ አያስደንቅም። መኪናይቱ አብዛኛውን ቀኗን የት እንደምትውል ባለቤቱን ሳይጠይቁ ሚኒሞና ካርቡራተር ማስተካከል በዘፈቀደ መሥራት ነው።

በቀትር ገበያ ቆማ ከቆየች በኋላ አልነሣ የምትለው መኪናም አለች። ካንዴላው እሳት ይሰጥ እንደ ሆነ ወዲያውኑ፣ ገና በትኩሱ ይታይ። እሳት ከጠፋ ቦቢናው ሲግል የሚደክም ሊሆን ይችላል፤ እሳት ካለ በሞተሩ ጎን ያለው የቤንዚን ፖምፓ ውስጥ ቤንዚኑ ተንኖ ይሆናል፣ እርጥብ ጨርቅ ቢያለብሱት ይመለሳል። ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ደኅና ስለሚመስሉ፣ ቀዝቅዛ ወደ ጋራዥ ተስባ የመጣች መኪና ምንም አትነግርም።

ይህ ሁሉ ቢበዛ መንገድ ላይ የሚያስቆም ነው። ቁልቁለቱ ግን ሌላ ነው። አምስት ሰው የጫነችና 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከጨንቻ ሲቀላ ስትወርድ 1,500 ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ በዚህ ውስጥ ያለው ኃይል 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስና ሞተር ይውሰዱት እንጂ፣ ማርሹን ነፃ አድርጎ በሚወርድ ሹፌር እጅ አብዛኛው የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረገው ይህ ልማድ የስንቱን ሕይወት ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ለመናገር አይከብድም።

ፍሬን በሁለት መንገድ ይከዳል፤ ሁለቱም ለየት ብለው ይታወቃሉ። ፔዳሉ ጠንክሮ ከእግር በታች ቆሞ መኪናይቱ ግን አልቀዘቅዝ ካለች፣ የተቃጠለ ሽታም ከመጣ፣ ሸራው ከልክ በላይ ግሏል። ፔዳሉ ለስልሶ እስከ ወለል ከወረደ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ መቋቋም አለበት፤ ነገር ግን ከአየር እርጥበት እየጠጣ ስለሚሄድ፣ በቂ ውኃ ከገባበት በኋላ የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለ ዘይት ለዓመታት ሳይለወጥ፣ የጎደለው ብቻ እየተሞላ የሚኖርባቸው መኪኖች ጥቂት አይደሉም።

አስቸጋሪው ነገር ሁለቱም ሲቀዘቅዙ መመለሳቸው ነው። መኪናይቱ ሲቀላ ደርሳ ጥቂት ስትቆም ፔዳሉ እንደ ወትሮው ይሆናል፤ ዘይት የሚያፈስ ቦታ አይገኝም፤ መካኒኩም ሹፌሩ ደንግጦ ነው ብሎ ያሰናብታል። ማስረጃው የቀረው በሹፌሩ እግር ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ «ፍሬን ከለከለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ አስቀድሞ ፔዳሉ ጠንክሮ ነበር ወይስ ለስልሶ፣ ሽታ ነበር ወይስ አልነበረም፣ በስንተኛ ማርሽ ይወርድ ነበር ተብሎ ይጠየቅ። ለስልሶ ነበር ካለ፣ ዘይቱ ከአራቱም ጎማ ተጠርጎ ይውጣ፣ ካልተከፈተ ቆርቆሮ በአዲስ ይተካ፣ አየሩም ከሩቁ ጎማ ተጀምሮ ይውጣ። ከዚያ በኋላ መካኒኩ ራሱ ከባለቤቱ ጋር ተሳፍሮ በሁለተኛ ማርሽ ከሴጫ ወደ ሲቀላ ይውረድ፤ ታች ሲደርስ ከጎማዎቹ ሞዞ አጠገብ እጁን ሳያስነካ አቅርቦ የአንዱ ሙቀት ከሌላው መብለጡንና አለመብለጡን ይይ።