ከመፍረድ በፊት መመርመር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)





በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም በሰፊው መናገር የተለመደ መሆኑን እናውቃለን። እኛ ግን ስለ አንድ አሮጌ መኪና ልንነግራችሁ ወደናል። ይኸውም ከተማርነው ትምህርት አንዱ በልባችን የገባው በጥቁር ሰሌዳ ፊት ሳይሆን በወገራ ደጋ ላይ፣ በብርድና በጨለማ ቆመን ሳለን ስለ ሆነ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን፣ ስድስት ተማሪዎች ከአንድ መምህራችን ጋር ወደ ደባርቅ ሄደን ነበር። የሄድነውም በዚያ ላሉ ተማሪዎች ግጥምና አጭር ጨዋታ ለማሳየት ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በኮሶዬ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ይሄዳል። የጫነን መኪና በናፍጣ የሚሠራ ፒክ አፕ ሲሆን ዕድሜው ከማናችንም ዕድሜ ይበልጥ ነበር። በደባርቅ መብራት ስለ ጠፋ፣ አንዱ ጓደኛችን ከመኪናው ባትሪ ሽቦ ስቦ የድምፅ ማጉያውን አንድ ሰዓት ያህል አሠራልን። ሁላችንም አመሰገንነው፤ ፕሮግራማችንም በደንብ ተፈጸመ።

ስንመለስ ዳባትን ካለፍን በኋላ መሸ። ሾፌራችን መብራት ቢያበሩ የፊት መብራቱ ደብዘዝ ብሎ በራ፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶችም ያለ ሥርዓት ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር። ጥቂት እንደ ሄድን ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፋ። ክላክሱ ቢጫኑት ድምፅ የለውም፤ ፍሬቻውም አይሠራም። ሞተሩ ግን እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር።

ሾፌራችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ እኛም ጋሼ እንላቸዋለን። መኪናውን ቀስ ብለው ከመንገዱ ዳር አውጥተው አፉን ወደ ቁልቁለቱ አድርገው አቆሙት። የእጅ ፍሬኑን ስበው ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። ቀጥሎም፣ «ልጆች፣ ቅጠል ቆርጣችሁ ከፊትም ከኋላም ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መብራት የሌለው መኪና ለሚመጣው ሰው ገደል ነው» አሉን። እንደ ታዘዝነው አደረግን።

ከዚህ በኋላ ያደረግነውን ስንናገር እናፍራለን። ገና ኮፈኑ ሳይከፈት በጓደኛችን ላይ ፈረድንበት። «ባትሪውን የጨረሰው እሱ ነው!» አልን። አንዳችን፣ «ነግሬው ነበር» አለ፤ ነገር ግን ማንም አልነገረውም ነበር። ሌላው ደግሞ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከማን ቤት ይከፈላል እያለ ይጠይቅ ጀመር። ጓደኛችን ያለ አባት የሚያድግ ልጅ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሱም አንድ ቃል ሳይመልስ ጋቢውን ተከናንቦ ብቻውን ራቅ ብሎ ቆመ።

ከእኛ አንዱ ደግሞ ብልኅ ለመምሰል፣ «ፊውዝ ተቃጥሎ ይሆናል። ከሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ጠቅልለን እናስገባበት» አለ። ጋሼ ግን ተቆጡ። «ፊውዝ የሚቃጠለው መኪናው እንዳይቃጠል ነው። እሱን በወረቀት ካታለልከው የሚነደው ሽቦው ነው» አሉት።

ከዚያም አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «የሞተው ምን ምን ነው? ያልሞተውስ?» የሞተውን ለመቁጠር አልቸገረንም። ያልሞተውን ግን ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ጋሼ ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን እንደገና አዞሩት። ሞተሪኖው በኃይል አዙሮ ሞተሩን ወዲያው አስነሣው። የናፍጣ ሞተር አየርን ሃያ እጥፍ ያህል አምቆ ስለሚሠራ፣ እሱን ለማዞር ብዙ ኃይል ያስፈልጋል። ጋሼም ወደ ጓደኛችን ዞረው፣ «ና፣ አንተ ልጅ። ባትሪው ሞቶ ቢሆን ይህን ሞተር ማን አዞረው?» አሉት። እኛ ዝም አልን።

ቀጥለው ከመሣሪያ ሣጥናቸው ሁለት ሽቦ የተያያዘበት ትንሽ የመሞከሪያ አምፖል አወጡና ለእሱ ሰጡት። አንዱን ሽቦ በሞተሩ ብረት ላይ አስይዞ፣ በሌላው ፊውዞቹን አንድ በአንድ በሁለቱም ጫፋቸው እንዲነካ አደረጉት። አምፖሉ በሁሉም ላይ በራ። እንግዲህ ፊውዞቹ ደኅና ናቸው፤ ኤሌክትሪኩም እስከዚያ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ከሞተሩ ላይ ያለውን ሽቦ አንሥቶ በጋቢናው ብረት ላይ እንዲያስይዘው ነገሩት። አምፖሉ አልበራም። እንደገና ወደ ሞተሩ ቢመልሰው በራ። መምህራችንም ይህን ጊዜ፣ «ባለፈው ወር በክፍል የሠራነውን አስታውሱ» አሉን።

በክፍል የሠራነው በባትሪ ድንጋይ፣ በሽቦና በአምፖል ነበር። ኤሌክትሪክ ሥራውን የሚሠራው ከባትሪው ወጥቶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ሙሉ ሲሆን ነው፤ መሄጃው ደኅና ሆኖ መመለሻው ቢቋረጥ አምፖሉ አይበራም። ይህን ጥያቄ በፈተና ላይ ሁላችንም በትክክል መልሰነው ነበር። በመኪና ላይ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው፤ ባለ ሙያዎች ማሳ ይሉታል። ሞተሩ ግን በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ከጋቢናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ አለው። ይህ ሽቦ ሲበጠስ የመብራቱና የክላክሱ መመለሻ ይቋረጣል። ሞተሪኖውና በፓምፑ ላይ ናፍጣ የሚከፍተው መሣሪያ ግን በሞተሩ ላይ ስለ ታሰሩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ ምክንያት ነበር መብራቱ ሲጠፋ ሞተሩ ያልጠፋው።

ጓደኛችን በባትሪ መብራት እየፈለገ ከሞተሩ ጀርባ እጁን አስገባ። ሽቦው ከጋቢናው ብረት ጋር በሚታሰርበት ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቶት ተበጥሶ ነበር። አንድ ቀን ወይም አንድ ሰዓት የበጠሰው አይደለም። የብዙ ክረምት እርጥበትና የብዙ መንገድ መንቀጥቀጥ ጥቂት በጥቂት ጨርሶታል። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው የብረቱን ቀለምና ዝገት በካቻቢቴ ፋቁ፤ ባትሪ ከባትሪ ከሚያገናኙባቸው ኬብሎችም አንዱን ወስደው ከባትሪው ማሳ ወደ ተፋቀው ብረት አሰሩት፤ የሚሽከረከር ነገር እንዳይነካውም በገመድ ጠፍረው አራቁት። ቁልፉን ሲያዞሩ መንገዱ እስከ ሩቅ በራ።

ከመሄዳችን በፊት ድንጋዩንና ቅጠሉን ከመንገዱ አነሣን፤ ሰው ችግሩ ካለፈ በኋላ ድንጋዩን ትቶ ቢሄድ ለሌላው ችግር ያስቀምጣልና። ጎንደር የገባነው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። በማግሥቱ በጋራዥ አዲስ የማሳ ሽቦ ታሰረ። ባትሪው ሲለካ 12.6 ቮልት ሆነ፤ ይህም የደኅና ባትሪ ልክ ነው። በዚያው ቀን ወደ ጓደኛችን ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። እሱም ይቅር አለን። ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጧል፤ ይህንም የምንናገረው በፈቃዱ ነው።

መኪና ያላችሁ ወላጆች፣ መብራት በድንገት ቢጠፋባችሁ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራውንና የማይሠራውን ለዩ። የባትሪውን ራስ ጥብቅነትና ንጽሕና እዩ፤ ፊውዞቹን መርምሩ፤ ማሳውንም አትርሱ። በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ ሌላ ነገር አታስገቡ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለእኛ የቀረልን ትምህርት ግን ከመኪና ያልፋል። በዚያች ሌሊት የኤሌክትሪክን ሕግ እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን የነገሩን ምክንያት ከመፈለግ ይልቅ የሚወቀስ ሰው መፈለግ ቀለለን። ዕቃውን በመጨረሻ የነካው ሰው ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ነገ ሐኪም፣ መምህር፣ ዳኛ ወይም መካኒክ ብንሆን፣ «ያልሞተውስ ምንድን ነው?» የሚለውን የጋሼን ጥያቄ ሳንጠይቅ በሰው ላይ እንዳንፈርድ በዛሬው ቀን በፊታችሁ ቃል እንገባለን።